ልብ የማይባልበት ወር

ደሴ ውስጥ ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» መባባል ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። «ወረደልህ?» ነው የሚባለው። የተጠየቀውም «አልሐምዱሊላህ፣ ወርዶልኛል» ወይም «ተመስገን፣ ወርዷል» ብሎ ያልፋል። የሚወርደው ማግኒዥየም ነው። በየቤቱ ከቧንቧው ጎን የተተከለችው ነጭ ማሽን ኩባያ ትሞላለች። ጨው ጨው፣ ኖራ ኖራ የሚል ውኃ ነው፤ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይጨልጠዋል፤ ካልጨለጠ የሕንፃው በር አይከፈትለትም።

ማግኒዥየም ሆድ ያላላል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ ከተማዋ የተሠራችው በእሱ ልክ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ፀሐይ የጦሳን ተራራ ካሞቀች በኋላ ነው። አውቶቡሶች የኋላ ወንበራቸው ተነቅሎ ሽንት ቤት ሆኗል። ሙሽሮች ሳይቀሩ መኪና የሚሳፈሩት ሰዓታቸውን አስልተው ነው። ለክፋት የተደረገ ነገር አይደለም። ድሮ የአርባ ዓመት ሰው ገበያ መሐል ልቡን ይዞ ይወድቅ ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ የሚወድቅ የለም። «ማኅበረ ልብ» የተባለው ድርጅት ይህን በየግድግዳው ጽፎታል፤ እውነትም ነው። ሐሰት ቢሆን ለሰው ይቀለው ነበር።

ሉባባ ይማም የአራተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ ሆጤ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። በሰው ሁሉ ቤት እንዳለው በእነሱም ሳሎን ግድግዳ ላይ ከድስት ክዳን የማይበልጥ ክብ ነገር ተለጥፏል። ስሙ «ጠባቂ» ነው። ጠባቂ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ይለያል። ሰው ስለ ልቡ ሲያማርር ይሰማል፤ ሲሰማ የዚያን ሰው መጠን ከፍ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ጠባቂ የሚያውቀው ልብ አንድ ብቻ ነው፤ ደም የሚረጨውን። የሠሩት ሰዎች ቋንቋ እንደዚያ ይሆናል። አማርኛ ግን ያለ ልብ ሁለት እርምጃ መሄድ የማይችል ቋንቋ ነው። ሳያስተውል የቀረ «ልብ አላልኩም» ይላል፤ የደነገጠ «ልቤ ቆመ»፣ ያዘነ «ልቤ ተሰበረ»፣ የራበው እንኳ «ልቤ ዛለ» ይላል። በመጀመሪያው ዓመት መዓቱ የወረደው በልብስ ተራ ነጋዴዎች ላይ ነበር። «ልብስ! ልብስ በርካሽ!» እያሉ ሲጮኹ የዋሉ ሰዎች በማግስቱ ከሽንት ቤት ሳይወጡ ዋሉ። ነጋዴ ዝም አይልምና አቤቱታው ተሰማ፤ ልብስ ከጠባቂ ጆሮ ወጣ። ልብ ወለድ ግን የሚጮህለት አጣ፤ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የሚጠይቅ ሰው «የፈጠራ ታሪክ» ይላል። ሌላውም እንዲሁ ተለመደ። ሉባባ ራሷ ክፍል ስትገባ «ልጆች፣ ሆድ በሉ!» ትላለች። ልጆቹ አይስቁም፤ ሌላ ሲባል ሰምተው አያውቁም።

አባቷ ግን ሌላ ሲባል ኖረው ያረጁ ሰው ናቸው። አቶ ይማም አሊጋዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በዕድሜ ማለት አይደለም፣ በሥራ። የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ በውርስ የተጣላ ወንድማማች፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር። ነገር ሲከፍቱ «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይሉና ሁለቱን ወገን ዝም ብለው ያያሉ። ቀጥለው «ልብ ግዙ» ይላሉ። ከዚያ መናገር ላቃተው ወገን ፈንታ እሳቸው ይናገራሉ። ሽማግሌ ማለት ሌላው አፉ ላይ ያጣውን በራሱ አፍ የሚያወጣለት ሰው ነው ብለው ያምናሉ። ስንት ትዳር በዚህ እንደተመለሰ ደሴ ታውቃለች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ መዲና ከሞቱ ወዲህ የአቶ ይማም ንግግር ሁሉ ልብ ሆነ። «ልቤን ይዛው ሄደች» አሉ፤ መጠኑ ወጣ። «ቤቱ ሙሉ ነው፣ ልቤ ባዶ ነው» አሉ፤ ደግሞ ወጣ። ዕድሜው ለገፋ ሰው ኩባያ አይሰጠውም፤ ልጥፍ ነው የሚደረግለት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ግራጫ ነገር ትከሻቸው ላይ አለ፤ ከሥሩ ክር ቆዳ ውስጥ ገብቷል፤ መድኃኒቱን ሲለቅ ጠቅ ይላል። ልጥፉን ሊልጥ የሞከረም የተላጠለትም ማረፊያ ቤት ይወሰዳል። ከማረፊያ ቤት ተመልሶ የመጣ ሰው ሉባባ አታውቅም።

መጀመሪያ እግራቸው ከበዳቸው። ቀጥሎ የዐይናቸው ቆብ በንግግር መሐል መከደን ጀመረ። ሉባባ ስትጨነቅ ጠባቂ ደስተኛ ነበር። «አቶ ይማም፣ የልብ ምትዎ ከባለፈው ሳምንት ይልቅ ረግቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፣ ሰርግ እንደሚመራ ሰው ድምፁን አለስልሶ።

«ይሄ ሰውዬ ሲያሾፍ ነው?» ይሉ ነበር አቶ ይማም።

ሉባባ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ዶክተር ረድኤት የምትባል ሴት አየቻቸው። አልጋ ጫፍ ላይ አስቀምጣቸው በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበታቸውን መታች።

«አንቺ ልጄ፣ ጉልበቴ ምን አደረገሽ?»

«እግርዎ እንዲዘል ፈልጌ ነው፣ አባባ።»

«በኔ ዕድሜ ማን ይዘላል?»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ደግማም መታች። እግሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሌላውንም ሞከረች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ሉባባን ወደ ኮሪደር ጠራቻት።

ኩላሊታቸው ደክሟል አለቻት። ጤነኛ ኩላሊት የተረፈውን ማግኒዥየም በሽንት ያወጣዋል፤ የእሳቸው አያወጣም፣ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም ጡንቻ ይዝላል፣ ዐይን ይከደናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ በመጨረሻ ደግሞ... ዶክተሯ ቃሉን አልተናገረችውም፤ ኮሪደሩም ጠባቂ አለው። ደረቷን በእጇ ነካ አድርጋ ጣቶቿን ጨበጠች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች፣ ከዚያ ጨብጣ ተወቻቸው።

«ቀንሺለታ!» አለች ሉባባ።

«እኔ እመክራለሁ እንጂ አልወስንም። የሚወስነው ጠባቂ ነው። እንዲቀንስ ጠይቄው ነበር፤ ያልተዘጋ ቅሬታ አላቸው ብሎ መለሰልኝ። ቅሬታ ሳይዘጋ መቀነስ አይቻልም።»

«እንዴት ነው የሚዘጋው?»

«ቃሉን ሳይሉ አንድ ወር ከቆዩ በራሱ ይዘጋል። ያን ጊዜ ልጥፉም ይቆማል።»

«አንድ ወር ሙሉ? አባቴን አታውቂውም።»

«ማርከሻ መድኃኒት አለ» አለች ዶክተር ረድኤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካልሲየም ነው፤ በደም ሥር ይሰጣል። እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ቁልፉ ግን በጠባቂ እጅ ነው። ቅሬታ ላለበት ሰው አይከፍትልኝም።»

ሉባባ እንዲህ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ማኅበረ ልብ ቢሮ ሄደች። ከመስኮቱ ኋላ ከረባት ያሰረ ትሑት ወጣት ተቀምጧል። የአባቷን ነገር ሁሉ፣ አንዷን ቃል እየዘለለች፣ አስረዳችው። «አባቴ በሽታ አልተናገረም፤ ሐዘን ነው የተናገረው» አለችው። ወጣቱ በደንብ ሰማት፤ ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር ሰማት።

«እናቴ፣ በጣም ገብቶኛል» አለ። «እኔም አያቴን እንዲሁ... እውነቴን ነው፣ ከልብ አዝኛ—»

አፉን በእጁ ከደነ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ከጀርባው ያለው ክብ ነገር አረንጓዴ በራ፤ «ቅሬታዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» አለ። ወጣቱ እጁን ከአፉ አወረደ። ቀና ሲል ትሕትናው ጠፍቷል።

«በቃ ይሂዱ እንግዲህ» አላት። «መጥተው አስጨመሩብኝ።»

ከዚህ በኋላ የቀረው ወሩን መሞከር ብቻ ነበር። ሉባባ ማታ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን በጆሯቸው አንሾካሾከችላቸው። አቶ ይማም ሰምተው «ዝም አይነቅዝም፤ ዝም እላለሁ» አሉ። በሁለተኛው ቀን ብርጭቆ ከእጃቸው አምልጦ ሲሰበር «ውይ ልቤን!» አሉና ወሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። በሌላ ቀን በመስኮት ቁልቁል የሚሮጥ ሕፃን አይተው «ልብ በሉት እንጂ ያንን ልጅ!» ብለው ጮኹ። ልጁ አልወደቀም፤ ወሩ ግን ወደቀ።

ዝምታው ለእሳቸው የማይሆን ነገር ነው። አንድ ቀን ሙሉ አፋቸውን ዘግተው ሲውሉ ፊታቸው እንደ ታመመ ሰው ይገረጣል። ስለዚህ ቃል መለወጥ ጀመሩ። «ሆዴ ተሰበረ» ብለው ሞከሩት፤ ራሳቸው ሳቁ። «አንጀቴ አላለም» አሉ፤ ምንም ትርጉም አልሰጠም። ሉባባ የቤት ሥራ እያረመች ትሰማቸዋለች፤ እሷም ትስቅና ወዲያው ወደ ደብተሮቹ ትመለሳለች። ይህን የመሰለ አንደበተኛ ሰው እንደ ሁለት ዓመት ሕፃን ቃል እየለቀመ ሲኮላተፍ ማየት አናደዳት። በማን ላይ እንደምትናደድ ግን አላወቀችም። ክብ ነገር ላይ እንዴት ይናደዳል?

አንድ ቀን ከሶላት ተነሥተው በደስታ ጠሯት።

«ሉባባ! ነይ፣ ነይ። ቀልብ!»

«ምን ቀልብ?»

«ቀልብ ነዋ! በዐረብኛ ያችኑ ቃል ማለት አይደለም እንዴ?» ወደ ግድግዳው በአገጫቸው አመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ሰውዬ መድረሳ አልተማረም።»

እውነታቸውን ነበር። «ቀልቤ አዝኗል» አሉ ጮክ ብለው። ትከሻቸው ዝም አለ። «ቀልቤን ይዛው ሄደች» አሉ። ዝም። አቶ ይማም ስኳር ሰርቆ እንዳልተያዘ ልጅ ፈነደቁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ቀልብ ሆነ። ስለ ሚስታቸው በቀልብ አወሩ፣ ከልጃቸው ጋር በቀልብ ተጫወቱ። ሉባባ «አባዬ፣ ኧረ ቀስ፤ ይማርብናል» ብላ ትለምናቸዋለች። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጠባቂ ቀስ እያለ እንደሚማር ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን የዐይናቸው ቆብ ትንሽ ከፈት ብሏል፤ ከአልጋ እስከ መስኮት ያለ ድጋፍ መሄድ ጀምረዋል። ዶክተር ረድኤት በስልክ «በርቱ፣ ልትጨርሱ ነው» አለቻት። ሉባባ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው እያያት በመንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

ወሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ሙሄና ውብዓለም ነበሩ፤ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት። ሙሄ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሰውን አውቶቡስ ያሽከረክራል። በክረምቱ መግቢያ ገና ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ሐያት ሞታባቸው ሕንፃው ሁሉ ለቅሶ ደርሷቸዋል። ለቅሶው ግን እንደ ዘንድሮ ለቅሶ ሁሉ ዝም ያለ ነበር፤ ሰው አፉን በነጠላው ይዞ ተቀምጦ ተነሣ።

ሉባባ በሩን ገርበብ አድርጋ «አባዬ ደክሞታል፤ ሌላ ቀን ብትመጡ» ስትል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ማነው? ግቡ! ከሽማግሌ ደጅ ሰው ይመለሳል እንዴ?»

ገቡ። ውብዓለም ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ አረፈች፤ ቦርሳዋን ከጉልበቷ አላወረደችም።

«ወንድሜ መኪና ይዞ ታች እየጠበቀኝ ነው» አለች። «የመጣሁት እርስዎን አክብሬ ነው እንጂ፣ ጋሽ ይማም፣ ነገሩ አልቋል።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም! ምንም አላደረገኝም። ልጄን ቀብሮ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ሥራ ገባ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ስሟን አልጠራም። ከድንጋይ ጋር ከመኖር ብቻዬን ብኖር ይሻለኛል።»

አቶ ይማም ወደ ሙሄ ዞሩ። ሙሄ ጉልበቱ መሐል ያሉትን እጆቹን ያያል።

«ምን ልበል?» አለ በመጨረሻ፤ ግድግዳውን በዐይኑ እያሳየ። «መጠኑ የጨመረ ሹፌር ያንቀላፋል ተብሎ ከመሪ ይነሣል። ምን ብዬ ልናገር? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።»

አማርኛ ልጁ ለሞተችበት አባት የሚሰጠው አነጋገር ሁሉ ያችኑ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው።

አቶ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሆድ ካላየ ዐይን አያይም» አሉ። ዝም ብለው ሁለቱን አዩ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ ቀልብ ግዙ። የሆዱን በሆዱ ይዞ...» እዚህ ላይ ተደናቀፉ። ሙሄ ሳያስበው ከንፈሩ ለሳቅ ተላቀቀ። ውብዓለም አየችው። ፊቷ ጠቆረ።

«በኔ ሐዘን ይቀለዳል?» ብላ ተነሣች።

«ኧረ እኔ...» አለ ሙሄ።

እሷ ግን በሩ ጋ ደርሳ ነበር። አቶ ይማም ጀርባዋን ለአፍታ ተመለከቱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ።

«ሉባባ፣ ውኃ አምጪልኝ።»

ውኃው እጠረጴዛው ላይ ከፊታቸው ነበር። ሉባባ ወዲያው ገባት።

«አባዬ፣ ተው። በሞቴ። ጥቂት ቀን ነው የቀረን።»

«ሽማግሌ የከፈተውን ነገር ሳይዘጋ አይነሣም። ሂጂ፣ ውኃ አምጪልኝ።»

ሮጣ አፋቸውን በእጇ መክደን ትችል ነበር። የአባት አፍ ግን በልጅ እጅ አይከደንም፤ ለእርቅ የተቀመጠ ሽማግሌም ቃሉ አይቆረጥበትም። ሉባባ ይህን ስታይ ያደገች ናት። እንደታዘዘችው ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃው ብርጭቆው ሞልቶ በእጇ ላይ ሲፈስ አልዘጋችውም።

«ውብዓለም፣ ተመለሺና ተቀመጪ» ሲሉ ሰማቻቸው። የድሮው ድምፃቸው ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም የሚያሰኘው። «ሙሄ አይናገርም። ስለ እሱ እኔ እናገራለሁ። አፉ የኔ ነው፣ ነገሩ የእሱ ነው። ልብ ብለሽ ስሚ።»

ጠቅ።

«ሐያትን ስቀብር ልቤን አብሬ ቀበርኩት። እጄን የታጠብኩት አፈሩን ለማስለቀቅ አይደለም፤ አንቺ እንዳታዪው ነው። መሪ ይዤ በገደሉ ላይ ስሄድ ልቤ እኔ ዘንድ የለም፤ እዚያ መቃብሩ ጋ ነው የሚውለው። ስሟን ያልጠራሁት ልቤ ደንድኖ አይደለም። አንድ ጊዜ ከጠራኋት ልቤ የሚመለስልኝ ስላልመሰለኝ ነው።»

ልጥፉ ጠቅ እያለ ነበር። ወጥ ቤት ድረስ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ሉባባ ግን ሰማችው፣ ወይም የሰማች መሰላት።

«እንዲህ ነው?» አሉ አቶ ይማም።

ከሙሄ የወጣው ቃል አልነበረም። እንደ ሳል ጀምሮ እንደ ሕፃን ለቅሶ የሚያልቅ ነገር ነበር።

«የእሷንም እናገራለሁ፣ አንተም ስማ። ጡቴ ወተት ይዞ ሲያድር ልቤ ደም ነበር የሚያለቅሰው። ሰው ሁሉ ሄዶልኝ አንተ ብቻ ስትቀር፣ ልቤን የማሳርፍበት ትከሻ አንተ ነህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ልብ አላልከኝም። ድንጋይ ያልኩህ ጠልቼህ አይደለም። አንኳኩቼ አልከፍት ብለኸኝ ነው። እንዲህ ነው፣ ልጄ?»

«እንዲህ ነው» አለች ውብዓለም። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

ሉባባ ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ተያይዘው ተቀምጠው ነበር። ሙሄ «ሐያት፣ ሐያቴ» ይላል፣ ደጋግሞ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር። ስም ጠባቂን አያስቆጣውም። ውብዓለም ጭንቅላቱን ታቅፋ ትወዘውዘዋለች። አቶ ይማም ፈገግ ብለው ያዩአቸዋል፤ ፊታቸው በሙቀት እንደተቀመጠ ሰው ቀልቷል፤ ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈዋል።

ሁለቱ ሲሄዱ ጉልበታቸውን ስመው ሄዱ። አቶ ይማም መረቋቸው፤ በምርቃቱ መሐል ምላሳቸው ከበደ፤ ወጣቶቹ የስሜት መስሏቸው ጎንበስ ብለው አሜን አሉ። ሉባባ በመስኮት ስታይ የውብዓለም ወንድም መኪናውን አስነሥቶ ብቻውን ሄደ።

«አባዬ።»

«እ።»

«ምን ይሰማሃል?»

«ደክሞኛል። ደግ ድካም ነው፣ ልጄ። አየሻት ቦርሳዋን ስትጥለው?»

«አየሁ» አለች። ውሸቷን ነበር፤ የሰማችው ብቻ ነው።

ዐይናቸው ተከደነ። ጠባቂ በለስላሳ ድምፁ «አቶ ይማም፣ የልብ ምትዎ እስከ ዛሬ ካየነው ሁሉ የረጋ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት» አለ።

ሉባባ ዶክተር ረድኤት ጋ ደወለች። የሆነውን በጥቂት ቃል ነገረቻት። ከወዲያኛው በኩል የሩጫ ኮቴ፣ ከዚያ የዶክተሯ ድምፅ፣ ከዚያ የሌላ ጠባቂ ድምፅ ተሰማ፤ ዶክተሯ ለመነችው፣ ደግማ ለመነችው። ወደ ስልኩ ስትመለስ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ቁልፉን ጠይቄው ነበር። ዛሬ ብቻ እጅግ ብዙ ቅሬታ አቅርበዋል ይላል። አልከፍትም አለኝ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እየመጣሁ ነው፣ ሉባባ። ባዶ እጄን ነው ግን የምመጣው።»

ሉባባ ስልኩን ዘጋች። መቀስ አነሣች፤ የአባቷን ሸሚዝ ከትከሻው ገለጥ አድርጋ ልጥፉን አየችው። ግራጫ፣ ትንሽ፣ ንጹሕ ነገር ነው። ማረፊያ ቤት ማለት አባቷ በማያውቃቸው ሰዎች መሐል ይሙት ማለት ነው። ያለውም ሁሉ ገብቶ አልቋል፤ አሁን ቢላጥ ከደማቸው የሚወጣ ነገር የለም። መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው። ሸሚዙን አለበሰቻቸው። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ሞቃት ነበር። ደረታቸው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ ደግሞ ከፍ ይላል።

የመጨረሻው መቼ እንደሆነ ልታውቀው አልቻለችም። የሚቀጥለውን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ አልመጣም።

ሴት ልጅ አባቷ ሲሞት የምትጮኸው ጩኸት አለ፤ ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አያስተምራትም። እሱ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ሉባባ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ አጭቃ በጥርሷ ነከሰችው። ጩኸቱ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማንም የማይመስል።

ግድግዳው ላይ መብራቱ በራ።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ድምፅዎ ተለውጧል» አለ ጠባቂ። «የሚሰማዎት ነገር አለ?»

ሻሹን ከአፏ አወጣች።

«የለም» አለች።